በከፈልኩበት ዶሜን ላይ የሌላ ሰው ጀልባ!

ባለጀልባው፦
ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ክብራን ገብርኤል ቱሪስት አመላልሳለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ድረ ገጽ የሠራልኝ ልጅ ዶሜኑን፣ ማለትም በዶት ኮም የሚያልቀውን የገጼን አድራሻ፣ በራሱ ስም አስመዝግቦት ኖሯል። ብሩን የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ። ዘንድሮ በሌላ ሒሳብ ተጣላን። አሁን የጀልባዬን አድራሻ የሚከፍት ሰው የሌላ ባለጀልባ ገጽ ላይ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት አንድ እንግዳ እኔን ብሎ መጥቶ፣ ዓይኔ እያየ ከጎኔ ካለው ጀልባ ተሳፈረ። አንጀቴ አረረ! ልጁ «መቶ ሺህ ብር አምጣና ውሰደው» ይላል። ስሙ እኮ ከ2009 ጀምሮ በጀልባዋ ጎን በቀይ ቀለም ተጽፏል። የት ነው የምከሰው?

አባይ ማዶ፦
ወንድምዓለም፣ ለዶት ኮም ዩዲአርፒ የሚባል የዶሜን ጠብ መፍቻ ደንብ አለ። የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው ድርጅት፣ አይካን፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ጄኔቫ ያለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት (ዋይፖ) አቤቱታ ይቀበላል፤ ሁሉም በኢሜይል ያልቃል። ክሱ ከገባ በኋላ ዶሜኑ ወደ ሌላ እንዳይዛወር ይቆለፋል፣ ልጁም መልስ ለመስጠት 20 ቀን አለው። ካሳ ግን የለም፤ ብታሸንፍ ስሙ ወደ አንተ ይዛወራል ወይም ይሰረዛል፣ በቃ።
ሦስት ነገር ታስረዳለህ። ስሙ ከንግድ ምልክትህ ጋር መመሳሰሉን፣ ልጁ በስሙ ላይ መብት እንደሌለው፣ ደግሞም በክፉ ልብ አስመዝግቦ በክፉ ልብ እየተጠቀመበት መሆኑን። አንዱ ከጎደለ ወደቅህ። ያንተ ችግር ሦስተኛው ላይ ነው። ያኔ ሲያስመዘግብ ላንተው እየሠራ ነበራ! ዳኞቹ «ይህ የውል ጠብ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ሊሉህ ይችላሉ።

ጣና ዳር፦
አቤቱታው በአንድ ዳኛ ሲታይ የዋይፖ ክፍያ 1,500 ዶላር መሆኑን ለምን ደበቅክበት? 😄

አባይ ማዶ፦
አልደበቅኩም፣ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። ለዚህ እኮ የውል ክስ እዚሁ ፍርድ ቤት ይሻላል የምለው። ደረሰኝ አለህ?

ባለጀልባው፦
አለኝ። «ለድረ ገጽና ለዶሜን» ይላል፣ ከነፊርማው።

ጣና ዳር፦
እሱን ፎቶ አንሥተህ አስቀምጥ። የተላላካችሁትን ቴሌግራምም፣ በተለይ መቶ ሺህ የጠየቀበትን። ከዚያ መጀመሪያ ሽማግሌ ላክበት። ከታረቃችሁ ዶሜኑን በራስህ ስምና በራስህ ኢሜይል አዛውረው። የይለፍ ቃል ብቻ ተቀብለህ እንዳትመለስ!

ባለጀልባው፦
የልጁ አጎት ዘጌ ቡና አለው፣ እናከብረዋለን። ነገ ጠዋት እንግዳ አድርሼ እግረ መንገዴን አናግረዋለሁ። ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዣለሁ፤ ጣና ሰሞኑን ማዕበል አለው።