የአብሽ ውህድ እንደ ተልባ ተዝለግልጎ አልጣራ አለ፤ የዲፒፒኤች ንባቡም አይገጥምም

የሳቢያን ልጅ (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከከፊራ በተገዛ አብሽ ላይ ፌኖልና አንቲኦክሲደንት መለካት ፈልጌ 50 ግራም ዱቄት በ500 ሚሊ ሊትር ውሃ ዘፈዘፍኩ። ሲነጋ ዝልግልግ ብሎ ማጣሪያ ወረቀቱን ደፈነው፤ ሴንትሪፉጅም አልለየውም። በግድ በወጣችው ፈሳሽ ዲፒፒኤች (ቀለሙ ሲደበዝዝ የአንቲኦክሲደንትን ጉልበት የሚያሳይ ሐምራዊ ኬሚካል) ስሠራ ሦስቱ ድግግሞሾች ይለያያሉ፤ የተቆላው አብሽ ደግሞ ካልተቆላው ደካማ ሆኖ ይታያል። አቦ፣ የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

ከዚራ
ውሃው ላይ ነው የሳትከው ወንድሜ። አብሽ ውስጥ ጋላክቶማናን የሚባል የሚሟሟ አሠር በብዛት አለ፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። በ80 በመቶ ሜታኖል (አልኮል) ግን አይሟሟም፤ የምትፈልጋቸው ፌኖሎች፣ እነ ቪቴክሲን፣ ኢሶቪቴክሲንና ኦሪየንቲን ግን ይወጣሉ።

ፍሬውን ልቀመው እንጂ አትጠበው። ወፍጮው እንዳይግል እያረፍክ ፍጭ። መጀመሪያ ቅባቱን አውጣ፦ 20 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር ሄክሴን፣ ሁለት ጊዜ፣ እሳት በሌለበትና አየር በሚስብ ሳጥን ውስጥ። ሽታው እስኪጠፋ አድርቀው። ከዚያ ከደረቀው 10 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር የ80 በመቶ ሜታኖል፣ ጨለማ ቦታ፣ 24 ሰዓት እየተነቀነቀ። አጣራና አተላውን በ50 በ50 ሚሊ ሊትር ሁለቴ ድገመው። ሜታኖሉንና ውሃውን አስቀድመህ ቀላቅል፤ ዱቄቱን ውሃ ቀድሞ ከነካው ይጓጉላል፣ ከዚያ በኋላ አልኮሉ ውስጡ አይገባም።

ስታተን ከ40 ዲግሪ አትለፍ። ሳፖኒን ስላለው አረፋው ገንፍሎ ኮንደንሰር (እንፋሎት ማቀዝቀዣው) ውስጥ ይገባብሃል፤ ጠርሙሱን ከሲሶ በላይ አትሙላ፣ ቫኪዩሙንም ቀስ እያልክ ጨምር። አልኮሉ አልቆ ውሃው ሲቀር ነው የሚብሰው።

ለገሀሬ
ዲፒፒኤቹ ላይ ሦስት ነገር ተደራርቦብሃል። የውሃው ውህድ ሜታኖል ውስጥ ሲገባ አሠሩ ይዘቅጥና ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ መሣሪያው ድፍርሱን እንደ ቀለም ያነበዋል። ዝልግልጉ ፒፔት ጫፍ ላይ ስለሚቀር መጠኑም በየቱቦው ይለያያል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ክፍት ቱቦ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሜታኖል ይተንበታል፤ ክዳን ግድ ነው።

4 ሚሊ ግራም ዲፒፒኤች በ100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል፣ በየቀኑ አዲስ፣ በፎይል ተጠቅልሎ። 517 ናኖ ሜትር ላይ 1 ገደማ ካላነበበ አትቀጥል። 3 ሚሊ ሊትር ከእሱ፣ 1 ሚሊ ሊትር ከናሙናው፤ መቆጣጠሪያው (ማነጻጸሪያው ቱቦ) ላይ በናሙናው ፈንታ ሜታኖል ጨምርበት።

የተቆላው ቡናማ ስለሆነ ያው 517 ላይ ብርሃን ይውጣል፤ ደካማ የመሰለህ ለዚህ ነው። ለእያንዳንዱ መጠን ዲፒፒኤች የሌለበት (3 ሚሊ ሊትር ሜታኖልና 1 ሚሊ ሊትር ናሙና) አንብብና ቀንስ። ከተስተካከለ በኋላ የተቆላው ቢበልጥ ደግሞ «ፌኖሉ ጨመረ» አትበል፤ በመቆላት የሚፈጠሩት ቡናማ ውህዶች ራሳቸው ዲፒፒኤችን ያጠፋሉ።

ፎሊንም (የፌኖል መለኪያው ኬሚካል) ቢሆን ከስኳርና ከቫይታሚን ሲ ጋር ይሠራል። ውጤቱን በጋሊክ አሲድ አቻነት ጻፈው።

የሳቢያን ልጅ
ተባረኩ! ዱቄቱ የተፈጨ ነው የተገዛው፣ ችግር አለው?

ለገሀሬ
አለው። የአብሽ ፍሬ ስታርች የለውም ማለት ይቻላል። ጥቂት ዱቄት በውሃ አፍልተህ ሲቀዘቅዝ አዮዲን ጠብ አድርግበት፤ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ እህል ተቀላቅሎበታል። ፍሬውን ገዝተህ ራስህ ፍጭ።

ጀጎል (ፋርማሲስት)
ስለ ስኳር በሽታ የምትጽፍ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የዲፒፒኤች ቁጥር ስለ ደም ስኳር ምንም አይናገርም። በምግብ ላይ ስኳሩ ወደ ደም ቶሎ እንዳይገባ የሚያዘገየው በዋናነት ያ ያስቸገረህ ዝልግልግ ነው፤ ሐረር ውስጥ ሁልባት (የአብሽ ማባያ) ሲመታ የሚታየው ማለት ነው። ኢንሱሊን እንዲመነጭ የሚረዳው 4-ሃይድሮክሲአይሶሉሲን ከአልኮሉ ጋር ሲወጣ አሠሩ አተላው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የሜታኖሉን ውህድ ብቻ ለክተህ «አብሽ» ብለህ አትደምድም።

ለሰው የሚሰጥ ሐሳብም ካለህ፦ ግሊቤንክላማይድ (የስኳር ኪኒን) ወይም ኢንሱሊን ላይ ያለ ሰው አብሽ ሲጨምር ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድና ነፍሰ ጡር በመድኃኒት መጠን አይጠቀሙ። ኦቾሎኒ ወይም ሽምብራ የማይስማማው ሰውም ይጠንቀቅ።

የሳቢያን ልጅ
አተላውን ልጥለው ነበር። ምን ላድርገው?

ከዚራ
ሜታኖሉ ሙሉ በሙሉ እስኪተን በ40 ዲግሪ አድርቅ፣ መዝን፣ ክብደቱን ከመነሻው 10 ግራም ጋር ጻፈው። እርጥበት እንዳይስብ በጠባብ ክዳን ዝጋው፤ «የማይበላ» ብለህም ለጥፍበት።