የዘር ሐረግን ለመፈለግ በበይነ መረብ ያለ ክፍያ ምን ይገኛል?

ጠያቂ፦ ከሳቢያን

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የእናቴ አባት ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ሠርተው በጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። የእሳቸው አባት ደግሞ ሐዲዱ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ሥራ ፍለጋ ከሐረር ወገን እንደ መጡ በቤታችን ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ አጎቴ ትውልዳችንን ወደ ቁሉቢ ሲወስዱት፣ ታላቅ አክስቴ ከጀጎል ግንብ ውስጥ አያስወጡትም። የሁለቱም ዕድሜ ገፍቷልና ነገሩን ዛሬ ነገ ሳልል በጽሑፍ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

በስልኬ ስፈልግ የሚመጡልኝ ድረ ገጾች አብዛኞቹ በነጻ ነን ብለው ያስገቡና ስም ጽፌ ውጤቱን ልመለከት ስል በዶላር የሚከፈልበት የባንክ ካርድ ይጠይቁኛል። እንዲህ ያለ ካርድ የለኝም። ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው በእውነት የሚጠቅም፣ ያለ ክፍያ የሚከፈት መዝገብ ወይም ክምችት የምታውቁ ካላችሁ ብታመለክቱኝ፣ አፈላለጉንም ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ ከለገሃር ሰፈር

እኅቴ፣ የተነሡበት ሥራ ትልቅ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ መጀመርዎም ደግ አድርገዋል። አስቀድሜ ግን ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበትን ነገር ግልጽ ላድርግልዎ። በአውሮፓ ዘሩን የሚፈልግ ሰው የመንግሥትን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ይዞ ወደ ኋላ ይጓዛል። በእኛ አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ብዙ አንቀጾች ቢኖሩትም፣ ያው ሕግ በአንቀጽ 3361 እነዚህ ድንጋጌዎች ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ ቀን እስኪቆረጥላቸው ድረስ እንዳይሠራባቸው አድርጓል። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ የአያትዎን ስም ሲጽፉለት የመንግሥት የልደት መዝገባቸውን የሚያወጣልዎ ድረ ገጽ በክፍያም አይገኝም፤ ካርድ ስለሌለዎ የቀረብዎት ነገር የለም ማለት ነው።

በነጻ የሚገኘው ሌላ ዓይነት ነገር ነው፤ ለእርስዎ ቤተሰብ ደግሞ መንገዱ ምድር ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን፣ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። መሥመሩን ዘርግተው ለብዙ ዘመን ያስተዳደሩት የፈረንሳይ ኩባንያዎች ስለሆኑ ስለ እሱ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ፈረንሳይኛ ነው። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ የተባለውን ዲጂታል ክምችቱን እ.ኤ.አ. በ1997 ከፍቷል፤ የቆዩ ጋዜጦችን፣ መጻሕፍትን፣ ካርታዎችንና ፎቶግራፎችን ሳይመዘገቡና ሳይከፍሉ ያዩበታል። ከዚያ ውስጥ የአያትዎን ስም ለማግኘት አይጠብቁ፤ የዕለት ሠራተኛን ስም ለማተም የደከመ ጋዜጣ አልነበረም። የሚያገኙት የሥራውን የጊዜ ተራ ነው፤ መሥመሩ በየትኛው ዓመት የት እንደ ደረሰ፣ ጣቢያው እንዴት እንደ ነበረ፣ ሥራው መቼ እንደ ቆመና መቼ እንደ ቀጠለ። ይህን ከአክስትዎ ትረካ ጎን ሲያደርጉት፣ ቅድመ አያትዎ በየትኛው ዓመት ድሬዳዋ ሊገቡ ይችሉ እንደ ነበር ግምትዎ በጣም ይጠባል።

የከተማዎቹን ስም ሲፈልጉ በዛሬው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ብቻ ከጻፉ የሚመጣልዎ ጥቂት ነው። የያኔዎቹ ፈረንሳዮች የዳዋን «ዋ» በደብልዩ ሳይሆን በኦ እና በዩ ይጽፉት ነበር፤ ሐረርን ሲጽፉ ደግሞ የመካከለኛውን አር ብዙ ጊዜ ይደግሙታል። የሰው ስምም እንዲሁ ነው፤ በ«ገብረ» የሚጀምር ስም በፈረንሳይኛ ጂ፣ ዩ፣ ኢ ተብሎ ሲጀምር በጣሊያንኛ ጂ፣ ኤች፣ ኢ ይሆናል። ሁሉንም መልክ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ተራ በተራ ይሞክሩ። ከዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ነገር አለ፤ የውጭ መዝገቦች የእኛን የአባት ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚይዙት፣ አያትዎ የተመዘገቡት በቅድመ አያትዎ ስም ሥር ሊሆን ይችላል፤ የቅድመ አያትዎ ደግሞ በእሳቸው አባት ስም። አንድን ቤተሰብ በአንድ ስም መከተል ስለማይቻል በየትውልዱ የሚፈለገው ስም ይለወጣል።

የንባብ ችግር አያስጨንቅዎ፤ ጋሊካ ላይ ብዙዎቹ ጽሑፎች ከምስሉ ሌላ ሊገለበጥ በሚችል ፊደል ስለተቀመጡ፣ ገልብጠው በስልክዎ መተርጎሚያ ላይ ቢያኖሩት ሐሳቡን ያገኙታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭም በነጻ የሚከፈት ሲሆን፣ በሐረርጌ ያለፉ ተጓዦችና ሚሲዮናውያን የጻፏቸው የቆዩ መጻሕፍት በብዛት ይገኙበታል።

መልስ፦ ከጀጎል

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከለገሃር ሰፈር የጻፉት ወንድሜ የምድር ባቡሩን ነገር በሚገባ ስላስረዱ እኔ ስለ ሐረር ልጨምር።

አክስትዎ ነገሩን ከጀጎል የማያወጡት በከንቱ ላይሆን ይችላል። በአሚሮቹ ዘመን የሐረር ቃዲዎች (የሸሪዓ ዳኞች) የመሬት ሽያጭን፣ ውርስንና ጋብቻን በዐረብኛ ይመዘግቡ ነበር፤ በየቤቱም ከእነዚያ ወረቀቶች የተረፉ አሉ። ከዚህ ሌላ በእጅ በተጻፉ ኪታቦች (የሃይማኖት መጻሕፍት) ዳርና መጨረሻ ላይ የጻፊው፣ የባለቤቱ ወይም ወቅፍ ያደረገው፣ ማለትም መጽሐፉን ለበጎ ሥራ የሰጠው ሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ አልፎ ይጻፋል። ለዘር ፈላጊ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ በከተማችን አላውቅም። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ጎሪ መሪነት እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 የተካሄደው በአፍሪካ ቀንድ ያለውን እስላማዊ ሥነ ጽሑፍ የሚመለከት ጥናት የእነዚህን ጽሑፎች ዝርዝር በነጻ በሚታይ የመረጃ ቋት አስቀምጧል።

የክርስቲያን ወገን ካለዎ ደግሞ፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው ሂል የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎችን ይዟል። በድረ ገጹ የንባብ ክፍል በነጻ ተመዝግበው ምስሎቹን ያያሉ፤ በወንጌልና በዳዊት ባዶ ገጾች ላይ የለጋሾች ስም፣ የርስት ክፍፍልና የቤተሰብ ማስታወሻ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሆኖም አብዛኛው የሰሜንና የመካከለኛው አገር ስለሆነ፣ የዘርዎ ወሬ ወደ ሸዋ ወይም ወደ ጎጃም የሚያመለክት ካልሆነ በእሱ ላይ ብዙ ጊዜ አያጥፉ።

ከሁሉ አስቀድመው ግን አክስትዎንና አጎትዎን በስልክዎ ድምፅ ይቅረጹ። ዓመተ ምሕረት አይጠይቋቸው፤ ሽማግሌ ነገርን የሚያስታውሰው በሆነው ነገር ነው። «ጣሊያን ሐረር ሲገባ እናትዎ አግብተው ነበር ወይ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ያ ጊዜ የሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ መሆኑ ስለሚታወቅ ዓመቱን ራስዎ ያገኙታል። የጨለንቆ ጦርነት በ1879 ዓ.ም. ነው፤ «አባቴ በጨለንቆ ጊዜ ሕፃን ነበሩ» የሚል ቃል በቤተሰብዎ ከተሰማ፣ ያ ቃል እንደ ልደት ወረቀት ነው። የሰባት ቤት ቆጠራውንም ሳያቋርጡ በአንድ ትንፋሽ እንዲያወርዱት ይተዉአቸው፤ መሐል ላይ ጥያቄ ከገባ ቅደም ተከተሉ ይጠፋባቸዋል። ጥያቄዎን አውርደው ሲጨርሱ ያምጡት። ሶማሌ ዘመድ ካለዎ አብቲርሲውን (በቃል የሚወርደውን የአባቶች ስም ቆጠራ) የሚያውቅ ሰው ማግኘት ከማንኛውም ድረ ገጽ ይበልጣል።

መልስ፦ ከመጋላ

የጠያቂዋ ጉዳይ በቀጥታ ባይሆንም፣ ይህን የሚያነብ በድሬዳዋ የጣሊያን ደም ያለው ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ አንድ ነገር ላክል። የጣሊያን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣው ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ እንዳይቀበል ከልክሎ ስለነበር፣ የአባትን ስም እዚህ ካለ ወረቀት መፈለግ ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስቀራል። አባትየውን በአገሩ መዝገብ መፈለግ ግን ይቻላል። የጣሊያን ቤተ መዛግብት አንቴናቲ በተባለው ድረ ገጽ የየከተማውን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ምስል ያለ ምንም ክፍያ አቅርበዋል። የሚያስፈልገው የተወለደበት ከተማ ወይም መንደር ስም ነው፤ ጣሊያን ከሚለው ስም በቀር ሌላ ካልታወቀ መዝገቡ ሰፊ ነውና አይደረስበትም። ስለዚህ የቆየ ደብዳቤና ፖስታ ካለ ከመጣል በፊት ማኅተሙ ላይ ያለውን የከተማ ስም ይመልከቱ።

በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከናይጄሪያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከሌላም አገር መጥተው እዚህ የወደቁትን ለሚፈልጉ ደግሞ፣ በሐረር የጦር መቃብር ያረፉት ስም በኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ድረ ገጽ በነጻ ይፈለጋል።

ጠያቂ፦ ከሳቢያን

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ አክስቴን ለመቅረጽ ስጀምር ከሳጥናቸው ውስጥ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈና ማኅተም ያለበት የታጠፈ ወረቀት አወጡልኝ፤ ምን እንደሚል በቤታችን የሚያነብ የለም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። የሰበሰብኩትን የት ባስቀምጠው ይሻላል? ፋሚሊሰርች የተባለው ድረ ገጽስ በእውነት ነጻ ነው? አክስቴ የቤተሰባቸው ስም በማንም እጅ እንዲገባ አይፈልጉም።

መልስ፦ ከለገሃር ሰፈር

ፋሚሊሰርች በእውነት ነጻ ነው፤ ካርድም አይጠይቅም። የሚያስተዳድረው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ሲሆን፣ ይህን ለአክስትዎ ሳይሸሽጉ መንገር ያስፈልጋል፤ ቤተክርስቲያኒቱ በእምነቷ ሥርዓት አባሎቿ ለሞቱ ዘመዶቻቸው በስማቸው ጥምቀት እንዲፈጽሙ ታደርጋለችና፣ ኦርቶዶክስም ሆነ ሙስሊም ቤተሰብ ይህን አውቆ ቢወስን ይገባል። በዚያ ላይ በጋራው የዘር ዛፍ የሞቱ ሰዎች ስም ለሁሉም ይታያል፤ ሌላ ተጠቃሚም ሊያርመው ይችላል። በሕይወት ያሉት ግን ለሌላ ሰው አይታዩም። በእኔ አስተያየት መዝገቡን ለመፈለጊያ ይጠቀሙበት እንጂ የራስዎን ዛፍ በእሱ ላይ አይገንቡ። ሲፈልጉም በስም ሳይሆን በማውጫው በቦታ ስም ይፈልጉ፤ ስለ ኢትዮጵያ ያለው ጥቂት ስለሆነ ያለውን ሁሉ በአጭር ጊዜ ተመልክተው መጨረስ ይችላሉ።

ለማስቀመጫ ግራምፕስ የተባለው ነጻ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይበቃዎታል። ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ የጻፉት ሁሉ በራስዎ ኮምፒዩተር ይቀራል፤ የሂጅራን ዘመን አቆጣጠርም ይቀበላል። የእኛን ዓመተ ምሕረት በማስታወሻው ቦታ ከነወሩ ይጻፉት፤ ወሩን ሳያውቁ ወደ ፈረንጅ ዘመን ከለወጡት ሰባት ይሁን ስምንት ዓመት የሚጨመረው በኋላ አይታወቅም። አጎትዎ ያሉትንና አክስትዎ ያሉትን አንዱን መርጠው ሌላውን አይጣሉ፤ ሁለቱንም ከተናጋሪው ስምና ከተቀረጸበት ቀን ጋር ያስገቡ። ቅጂውንም ከከተማ ውጭ ላለ ዘመድ ይላኩ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ስንት ቤት ከነወረቀቱ እንደ ወሰደ ድሬዎች እናውቃለን።

መልስ፦ ከጀጎል

ስለ ወረቀቱ፦ እጥፉን በኃይል አይዘርጉት፤ በእጥፉ መሥመር ላይ ይሰነጠቃል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አኑረው በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሡት፤ ሙሉውን አንድ ጊዜ፣ ማኅተሙን ብቻውን፣ ጀርባውንም ባዶ ቢመስል ሳይተዉ። የምስክሮች ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከታች ወይም ከጀርባ ነው። ዓመቱ በሂጅራ ከተጻፈ የሚለውጡ ነጻ ማስያዎች በበይነ መረብ ላይ አሉ። ፎቶውን ግን ሁሉም በሚያየው በዚህ ገጽ ላይ አያኑሩት፤ የርስት ወይም የውርስ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በግል ይላኩልኝና አንብቤ፣ ያልተነበበልኝንም ከአባቶች ጠይቄ ቃል በቃል በአማርኛ እጽፍልዎታለሁ።