የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ደራሽነት እንዴት ይለካ? በጋራ ሐሳባችን ሦስተኛ አንቀጽ ላይ የተደረገ ውይይት

አስተባባሪ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በምናቀርበው ሐሳብ ውስጥ «የየጣቢያው አማካይ የመድረሻ ጊዜ በየዓመቱ ይገለጽ» ብለን ነበር። ደግሜ ሳነበው ግን አማካዩ የሚሸፍነው ነገር አሳሰበኝ። ከአሥር ጥሪዎች ለዘጠኙ በ5 ደቂቃ፣ ለአንዱ በ45 ደቂቃ ቢደረስ አማካዩ 9 ደቂቃ ይሆናል፤ 45 ደቂቃ የጠበቀው ቤተሰብ ግን ከቁጥሩ ውስጥ ጠፍቷል። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከል ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) 1710 የተባለው መስፈርት የመጀመሪያው ተሽከርካሪ በ240 ሰከንድ ጉዞ ቢያንስ ለ90 በመቶው ጥሪ እንዲደርስ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሰከንዱን ሳይሆን አቆጣጠሩን ብንወስድ ይበጀናል።

በሙያው የሠሩ አባል፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም ከፍጥነት በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ጣቢያው በሚጠብቀው ክልል ከተነሡት ጥሪዎች ስንቱን በራሱ ተረኛ ቡድን መለሰ የሚለው ነው። መኪናው ለሌላ ጥሪ ወጥቶ፣ ጋራዥ ገብቶ ወይም ውኃ ሊሞላ ሄዶ ከሆነ የጎረቤት ጣቢያ ይላካል፤ ያኛው ፈጥኖ ቢደርስ እንኳ የራሱ ክልል ለዚያ ሰዓት ያለ ጠባቂ ይቀራል። ስለዚህ ቡድኑ ያልተገኘበት ምክንያት አብሮ ይመዝገብ። ጥሪ የሚደራረብበት ጣቢያ ሁለተኛ ቡድን ያስፈልገዋል፤ መኪናው የሚበላሽበት ግን መለዋወጫና መካኒክ ነው የጎደለው። ሁለቱን በአንድ መቶኛ ጨፍልቀን ብናቀርብ በጀቱ ያለ ቦታው ይውላል።

የመርካቶ ነጋዴ አባል፦ ሰዓቱ የት ላይ ይቁም? በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየን ሰዎች ይህን ጥያቄ ልንተወው አንችልም። ከዚያ በፊትም ከእኛ መደብር ጀርባ እሳት ተነሥቶ መኪናው በጊዜው ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ጥቅል ጨርቅ የሚያራግፍ አይሱዙ መግቢያውን ዘግቶት፣ ሾፌሩ እስኪፈለግ ወዛደሮች ቱቦውን በትከሻቸው ተሸክመው በሱቆቹ መካከል ሲጎትቱ አይቻለሁ። መዝገብ ላይ «ደረሰ» ተብሎ የሚጻፈው ያ መኪና ነው። እኔ የምለው የመጀመሪያው ውኃ እሳቱ ላይ ያረፈበት ደቂቃም ይጻፍ፤ መንገድ የሚዘጋው የእኛው ዕቃ መሆኑም በሐሳባችን ውስጥ በግልጽ ይነገር።

አስተባባሪ፦ ሁለቱንም ተቀብያለሁ። የተሻሻለው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «እያንዳንዱ ጣቢያ ጥሪው የደረሰበትን፣ ቡድኑ የወጣበትን፣ ቦታው ላይ የደረሰበትንና ውኃ መርጨት የጀመረበትን ሰዓት ይመዝግብ፤ በክልሉ ከተነሡት ጥሪዎች በራሱ ቡድን የመለሰው መቶኛ፣ ካልመለሰባቸው ምክንያቶች ጋር፣ በየመንፈቁ ይፋ ይሁን።» የሚቀረን በእሳት አደጋ መጥሪያው ስልክ 939 ሳይደውል በእግሩ ሮጦ ጣቢያ የሚደርስ ሰው ጥሪ ከየትኛው ደቂቃ ይቆጠራል የሚለው ነው። እኔ በሩን ካንኳኳበት ይጀምር እላለሁ፤ እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ።