ለአንድ ሥራ የማይበቃው ዶቃ፦ የጋራ ክምችት ዕቅድ ውይይት

አስተባባሪዋ

ጤና ይስጥልኝ አባላት። በየሣጥናችን ለአንድ ሥራ የማይበቃ፣ ለመጣል ደግሞ የሚያሳሳ ዶቃ፣ ሽቦ፣ የሰንሰለት ጫፍ፣ ቆዳና ጨርቅ አለ። ይህን በአንድ ክምችት ሰብስበን ለሽያጭ የሚበቃ ጌጥ እንሥራበት የሚለው ሐሳብ ለጉባኤ እንዲቀርብ ረቂቁ ይኸውላችሁ።

1. እያንዳንዱ አባል ቅሪቱን በቀለም ለይቶ ያምጣ።
2. የመጣው በግራም ተመዝኖ ይመዝገብ፤ አምጪውም በዚያው ልክ ከክምችቱ ይውሰድ።
3. ሦስት ዓይነት ሥራ ይሠራ፦ የላስቲክ አምባር፣ ባለብዙ ረድፍ ሐብልና ጉትቻ።
4. ለምንም የማይሆነው ፍርፋሪ ሬዚን (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር) ውስጥ ተደርጎ ማንጠልጠያ ይሁን።

በየነጥቡ አስተያየታችሁን ጻፉ። የማያስኬደውን ነጥብ አሁኑኑ ብንጥለው ይሻላል።

ዶቃ ሰፊዋ

እህታችን፣ አንደኛው ነጥብ ላይ አልስማማም። በቀለም የተለየ ዶቃ ዓይን ይማርካል እንጂ ለሥራ አልተዘጋጀም። መጀመሪያ በመጠን፣ ቀጥሎ በቀዳዳ፣ ቀለም በመጨረሻ ነው።

በመጠን ስል እንዲህ ነው። የጥቃቅን ዶቃ ቁጥር በጨመረ መጠን ዶቃው ያንሳል፦ 6 ቁጥር ወደ 4 ሚሊ ሜትር፣ 8 ቁጥር ወደ 3፣ 11 ቁጥር ከ2 ትንሽ በለጥ፣ 15 ቁጥር 1.5 ገደማ ነው። ማሸጊያው ከጠፋ ቁጥሩን በዓይን መገመት ያሳስታል። 10 ዶቃ መርፌ ላይ ሰክታችሁ ርዝመቱን በማስመሪያ ለኩት። ከ13 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ከመጣ 11 ቁጥር ነው፤ 20 አካባቢ ከሆነ 8 ቁጥር፤ ከ25 ካለፈ 6 ቁጥር። ከአንድ ከረጢት የወጡ ሦስት አሥር አሥሮች ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ከረጢቱ ድብልቅ ነውና «ድብልቅ» ተብሎ ይጻፍበት። እንዲህ ያለው ዶቃ ጠፍጣፋ ሥፌት ውስጥ ሲገባ ጠርዙ ይሞገዳል፤ ፈትቶ ከመስፋት በቀር መድኃኒት የለውም።

ቀዳዳውን ለመፈተን 12 ቁጥር የዶቃ መርፌ ከነክሩ ደጋግማችሁ አሳልፉበት። አምስት ጊዜ ያለ ግፊት ካሳለፈ ለሥፌት ይሆናል። ሁለት ጊዜ ብቻ ካሳለፈ ለመደርደር እንጂ ለሥፌት አይሆንም። በጉልበት የተገፋ መርፌ ዶቃውን ይሰነጥቀዋል፤ የሚሰነጠቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው።

ጥራት የሚከታተለው

ከመጠኑ በፊት አንድ በር ይኑር እላለሁ። ምንጩ የማይታወቅ ዶቃ ሳይፈተን ክምችቱ ውስጥ አይግባ። ከእያንዳንዱ ከረጢት 15 ዶቃ ይውጣ። አምስቱ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆዩና ነጭ ጨርቅ ላይ ይታሹ። አምስቱ አልኮል በነካው ጥጥ ይታሹ። የቀሩት አምስት መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታቸው ሁለት ሳምንት ይቆዩና ከረጢት ውስጥ ከቀሩት ጋር ይነጻጸሩ። ቀለም የለቀቀ ወይም የደበዘዘ ዶቃ ገላ የሚነካ ሥራ ላይ አይግባ። በተለይ ሮዝና ወይን ጠጅ እንዲሁም የብረት ቅብ ያላቸውን በጥርጣሬ ተመልከቷቸው፤ ላብና ሽቶ ቅቡን ሲያነሣው ከሥሩ ሌላ ቀለም ይወጣል።

እንጨት፣ ዘር፣ አጥንትና ዕንቁ ግን አይዘፍዘፉም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውለው ወዲያው ይደርቃሉ። ኮምጣጤ ለዕንቁና ለዛጎል ፈጽሞ አይሆንም፤ አሲዱ ገጻቸውን ይበላዋል። አፉ የተሸረፈ የመስታወት ዶቃ ይጣል፤ ይህንን «ያሳዝናል» ብለን መልሰን አንክተተው፣ ክር ይቆርጣል።

ብረታ ብረትን በተመለከተ፣ ማግኔት የሚስበው ቅቡ ሲለቅ ይዝጋል። ማግኔት አልሳበውም ማለት ግን ኒኬል የለበትም ማለት አይደለም። ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀ ብረት በተበሳ ጆሮ አይግባ። የአውሮፓ ኅብረት ለተበሳ ገላ የሚሆን ጌጥ በሳምንት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.2 ማይክሮ ግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ የከለከለው ቆዳ ስለሚያሳክክና አለርጂ ስለሚያመጣ ነው። ጉትቻው ከቅሪት ይሠራ፣ የጆሮ ማስገቢያው ብቻ ዓይነቱ ተጽፎበት የተገዛ አዲስ ይሁን። ከብዶ ለስለስ የሚል፣ ወረቀት ላይ ግራጫ መስመር የሚተው ማንጠልጠያም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ይወገድ።

ሽቦ ሠሪው

ሁለተኛው ነጥብ በግራም ብቻ ከሆነ ፍትሕ የለውም። 50 ግራም የፕላስቲክ ዶቃ ያመጣ ሰው 50 ግራም የተለየ 11 ቁጥር መውሰድ የለበትም፤ አንዱ ግራም 11 ቁጥር ወደ 110 ፍሬ ነው። በደረጃ እንመዝግበው። ደረጃ ሀ የተለካና የተፈተነ፣ ከ20 ግራም ያላነሰ አንድ ወጥ ዶቃ። ደረጃ ለ የተፈተነ ድብልቅ። ደረጃ ሐ ፍርፋሪ ሆኖ የማይመዘገብ። ሰው በሰጠበት ደረጃ ብቻ ይውሰድ። 92.5 ከመቶ የሆነ ብር ግን ክምችቱ ውስጥ አይቀላቀል፤ በአምጪው ስም ለብቻው ይቀመጥ።

ሽቦ በግራም ሳይሆን በርዝመት ይለያል። 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ልውሰድ። ውስጡ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ተራ ዓይን (የሽቦው ጫፍ ተጠቅልሎ የሚሆነው ቀለበት) 12 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበላል። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ዶቃ በሁለቱም በኩል ዓይን ሲሠራለት 32 ይሆናል፤ ለፒንሳው መያዣ ሲጨመር 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ሦስት ዙር አንገት የሚጠመጠምለት ዓይን ከሆነ በአንድ ወገን 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚወስድ ከዶቃውና ከፒንሳው መያዣ ጋር በድምሩ 8 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ማስቀመጫ ይበቃል፦ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ከ4 ተኩል እስከ 8፣ ከዚያ በታች።

መካከለኛው ለማያያዣ ቀለበትም ይሆናል። 4 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ሲጠመጠም አንዱ ቀለበት 15 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። ከ8 ሴንቲ ሜትር በሒሳብ አምስት ይወጣል፤ ጫፎቹ ዘንጉን በደንብ ስለማያቅፉ ግን አራት ብላችሁ ያዙ።

አዲስ አባል

ጋሼ፣ የታጠፈና የተጣመመ ሽቦ ተቃንቶ አይመለስም እንዴ? እኔ ጋ ያለው አብዛኛው እንደዚያ ነው።

ሽቦ ሠሪው

ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። በዝግታ የጎበጠ ይመለሳል፤ እንደ ጉልበት የተሰበረ አይመለስም። ሽቦ በታጠፈ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፤ የታጠፈበት ቦታ ሲቃና ላዩ ቀጥ ቢልም እዚያው ላይ ይሰበራል። እሱን ቆርጠሽ ከሁለቱ ጎን ያለውን ተጠቀሚ።

የጎበጠው መዳብ ከሆነ ደብዘዝ ባለ ክፍል ጥቁር ቀይ እስኪመስል አሙቀሽ ውኃ ውስጥ ክተቺው፤ ይለሰልሳል። የጠቆረውን ሞቅ ባለ የሲትሪክ አሲድ ውኃ አጽጂው። እዚያ ውስጥ የብረት መቆንጠጫ እንዳይገባ፤ ከገባ ቀጥሎ የሚታጠበው ብር ላይ መዳብ ይለብሳል። ቅብ ያለው ሽቦ ግን እሳት አይነካውም። ዚንክ ወይም ላከር (የሚያብረቀርቅ መከላከያ ቅብ) ያለበት ሲተነፈስ ጤና የሚያቃውስ ጭስ ያወጣል። ረቂቁ ላይ «እሳት ለተለየ ንጹሕ መዳብና ብር ብቻ» የሚል ይግባልን።

የ5 ሴንቲ ሜትር መዳብ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ጫፉ ሲቀልጥ 2 ሚሊ ሜትር የምታህል እንክብል ይሠራል፤ የሚጠፋው 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የጉትቻ ዶቃ መያዣ መርፌ ሆነ ማለት ነው። ናስ በዚህ መንገድ አይሳካም፤ ውስጡ ያለው ዚንክ ሲወጣ ጫፉ ይሻክራል።

ዶቃ ሰፊዋ

ወደ ሦስተኛው ልምጣ፤ ለእኔ የረቂቁ ልብ እሱ ነው። ባለብዙ ረድፍ ሐብል ብቻ ከሆነ ክምችቱ ቶሎ አያልቅም፤ ገዢም ድርድሩን እንደ ቅሪት ያየዋል። ቅሪት መሆኑ የማይታወቅ ሥራ ጥምዝ ገመድ ነው፤ መሐል ላይ በሚሄደው የሥር ዶቃ ዙሪያ የሽፋን ዶቃ እየተጠመዘዘ የሚሰፋ ገመድ ማለት ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ ሥሩ አንድ ወጥ፣ ሽፋኑ ድብልቅ። ቅርጹን የሚይዘው ሥሩ ስለሆነ ከላዩ ያለው ቢለያይም አይበላሽም።

ለ18 ሴንቲ ሜትር አምባር ሒሳቡ ይኸው። ሥሩ 11 ቁጥር ከሆነ 130 ፍሬ ይበቃል። ለእያንዳንዱ የሥር ዶቃ ከውጭ ሦስት ዶቃ ይሆናል፤ አንድ 11፣ አንድ 8፣ አንድ 11። በድምሩ 390 ፍሬ 11 ቁጥር፣ ማለትም 3.6 ግራም፣ እንዲሁም 130 ፍሬ 8 ቁጥር፣ 3.4 ግራም ገደማ። ለሚጣለው አሥር ከመቶ ጨምሩ። ይህ ማለት 4 ግራም 11 ቁጥር የቀረው ከረጢት ከ8 ቁጥሩ ጋር አንድ ሙሉ አምባር ነው።

አሠራሩ፦ አራት የሥር ዶቃና ሦስት የሽፋን ዶቃ አንሡ፣ አራቱን ሥር እንደገና ወደ ላይ እለፉባቸው፣ ሦስቱን ወደ ግራ ግፉ። ከዚያ አንድ ሥርና ሦስት ሽፋን እያነሣችሁ የላይኛዎቹን ሦስት የቀድሞ ሥርና አዲሱን እለፉባቸው፤ ሽፋኑን ሁልጊዜ ወደ ግራ። አንዴ ወደ ቀኝ ከተገፋ ጥምዙ እዚያው ይሰበራልና መፍታት ነው። እያንዳንዱ የሥር ዶቃ አምስት ጊዜ ክር ይገባበታል፤ የቀዳዳውን ፈተና አምስት ያልኩት ለዚህ ነው።

ለቀለም ደግሞ 100 ግራም ድብልቅ ስታዘጋጁ 60 ግራም ከአንድ የቀለም ቤተሰብ፣ 30 ከጎረቤቱ፣ 10 ከሚቃረነው ይሁን። አሥሩ ብዙ ያንሳል አትበሉ፤ ሃያ ሲሆን ዓይን ማረፊያ ያጣል። የሚያብለጨልጭና የደበዘዘ ገጽ ያላቸውንም አብሩ፤ ሁሉም የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቅርጹ አይታይም።

ጥራት የሚከታተለው

የላስቲክ አምባሩ ላይ ገደብ ይደረግ። የቅሪት ዶቃ ቀዳዳ አንዱ ለስላሳ ሌላው ስለታም ነው፤ ላስቲክ ደግሞ ሲሳብ ሲለቀቅ ስለሚታሽ ይበጠሳል። ስለዚህ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ለስላሳ ቀዳዳ ያለው ዶቃ ብቻ፣ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ላይ። ዶቃው ከመሰካቱ በፊት ላስቲኩ ብዙ ጊዜ ይሳብ፤ ካልሆነ በሳምንቱ ረግቦ በዶቃዎቹ መካከል ክፍተት ይታያል። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ እንደገና የሚቋጠረው ይሁን። ሱፐር ግሉ አይነካው፤ ላስቲኩን ያደርቀውና ከቋጠሮው ሥር ይሰነጠቃል። ለጌጥ ሥራ የሚሆነው ለስላሳ ሙጫ ይሻላል።

ረዣዥም የቱቦ ዶቃዎች ጫፋቸው ስለት ነው፤ በየትም ሥራ ከግራና ከቀኝ 11 ቁጥር ያጅባቸው። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ደግሞ ከዚህ ክምችት ምንም አይሠራ፣ በጥቃቅን ነገር መታነቅ አለና። የማግኔት መቆለፊያም ልጅ ባለበት ቤት አይሁን፤ ሁለት ማግኔት ከተዋጠ አንጀትን ይጎዳል።

ቆዳና ጨርቅ

ረቂቁ እኛን ረስቷል። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ በ10 ሚሊ ሜትር መብሻ ክብ ክብ ሆኖ ሲወጣና መካከሉ ሲበሳ አሥሩ ተደራርቦ 15 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ማስጌጫ ይሆናል። አንድ ሐብል ላይ ሦስት ቦታ ቢገባ 45 ሚሊ ሜትር ዶቃ ቆጠበ ማለት ነው። መጀመሪያ መሐሉ ይበሳ፣ ቀጥሎ ክቡ ይውጣ፤ ከተገለበጠ ቀዳዳው መሐል ላይ አይውልም። ቀለም የተነከረ ቆዳ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ይታሽ፣ አንገት ላይ ቀለም እንዳይተው።

ጨርቅ ደግሞ ሥሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ከሰፊው ጫፍ ዘንግ ላይ ሲጠቀለል ሆዱ ሞላ ያለ ዶቃ ይወጣል። ሙጫው የመጀመሪያውን ዙር እንዳይነካ፤ ከነካ ዘንጉ አይወጣም።

አስተባባሪዋ

ስለ አራተኛው ማንም አልተናገረም። ሬዚኑ ይቅር ወይስ ይቆይ?

ሽቦ ሠሪው

ይቅር ባይ ነኝ። ሬዚን ውስጥ የገባ ዶቃ ዳግም አይወጣም፤ እኛ ግን ክምችት ነው የምንገነባው። ያልደረቀ ሬዚን ቆዳን ያስቆጣል፤ ጓንትና አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ይፈልጋል። የምናዘጋጀው መጠን ትንሽ ስለሆነም ስሕተቱ ይጎላል፦ እኩል በእኩል በሚቀላቀለው ዓይነት አምስት አምስት ሚሊ ሊትር ሲለካ አንዱ በ1 ቢበልጥ 20 ከመቶ ስሕተት ነው፤ እየተጣበቀ ይቀራል።

ቆዳና ጨርቅ

ጋሼ፣ የቆዳ ትቢያና ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ጨርቅ ግን ሌላ ቦታ የለውም። ሁለት ጊዜ በነጭ ሙጫ ተቀብቶ በደንብ ከደረቀ አረፋ አያወጣም፣ ቀለሙም አይጠቁርም። ዶቃ እንዳይገባ ተከልክሎ ለጨርቅና ለቆዳ ብናኝ ብቻ ቢፈቀድስ?

ሽቦ ሠሪው

ለእነሱ ብቻ ከሆነ እስማማለሁ።

አስተባባሪዋ

እንግዲህ የተሻሻለው ለጉባኤ የሚቀርበው ይህ ነው።

1. ምንጩ ያልታወቀ ዶቃ ሁሉ በውኃ (እንጨት፣ ዘር፣ አጥንትና ዕንቁ ሲቀሩ)፣ በአልኮልና በፀሐይ ይፈተናል፤ ከዚያ በመጠን፣ በቀዳዳና በቀለም ቅደም ተከተል ይለያል።
2. ምዝገባው በደረጃ ሀ፣ ለ፣ ሐ ነው። ሽቦ በርዝመት፣ ብር በባለቤቱ ስም። እሳት ለንጹሕ መዳብና ብር ብቻ።
3. ሥራዎቹ ጥምዝ ገመድ፣ የቆዳ ክብ ያለበት ሐብል፣ አዲስ ማስገቢያ ያለው ጉትቻና 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ዶቃ ብቻ የሚሠራ የላስቲክ አምባር።
4. ሬዚን ለጨርቅና ለቆዳ ብናኝ ብቻ።

ዶቃ ሰፊዋ

ሁለተኛው ላይ አንድ ቃል ይጨመር። ከረጢቱ ላይ መጠኑ፣ ያለፈው ፈተናና የቀረው ግራም ይጻፍ፤ የወሰደ ሰው ሁሉ የቀረውን መዝኖ ያስተካክል። 3.6 ግራም ያስፈልጋል ብለን ጀምረን 3 ግራም ላይ ከቆመ ያላለቀ አምባር ወደ ክምችቱ ይመለሳል።

አስተባባሪዋ

ገብቷል። ሚዛኑም 0.1 ግራም የሚለይ ይሁን ብዬ ጨምሬበታለሁ፤ ሙሉ ግራም ብቻ የሚያሳየው ለዚህ አይሆንም።