ካናዳ ስገባ የፊገር ስኬቲንግ ሻምፒዮና ማየት እፈልጋለሁ፤ የሄደ ሰው አለ?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁም፣ አሰላሙ አለይኩም። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። የባለቤቴ ፕሮሰስ አልቆ ቪዛዬ ወጥቷል። አላህ ካለ ከክረምቱ በኋላ ኦታዋ እገባለሁ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ማስረጃና ስለ ሥራ እዚህ የጻፋችሁትን አንብቤያለሁ፣ አላህ ይስጣችሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ፊገር ስኬቲንግ፣ ያ በረዶ ላይ በስለት ጫማ ከሙዚቃ ጋር የሚሠራው ስፖርት፣ በጣም እወዳለሁ። ለዓመታት በስልኬ ስከታተል ነው የኖርኩት፤ ዳታ የምገዛው ለእሱ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቀን የዓለም ሻምፒዮናውን አዳራሽ ገብቼ ማየት እፈልጋለሁ። ቤት ውስጥ ስናገር «ገና ሳትሄጂ ጨዋታ አማረሽ?» ይሉኛል። አዲስ የገባ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ መሄድ ይችላል? ሒጃብ አደርጋለሁ፤ እንደኔ ያለ ሰው እዚያ ይታያል? ትኬቱስ እንዴት ነው የሚገኘው?

መልስ፣ ከቶሮንቶ፣ ለጊዜው ደሴ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ኑሮዬ ቶሮንቶ ነው። ቤተሰብ ልጠይቅ መጥቼ አሁን ሸዋበር ነው ያለሁት። ሐረጎን ከወረድኩ አንቺ ጋ ነኝ ማለት ነው። ይህን ስፖርት የሚወድ የወሎ ልጅ ሳገኝ ዝም ማለት አልችልም፣ ስለዚህ ቢረዝምብሽ ታገሽኝ።

አብሽሪ፣ ይቻላል። መሄድም አለብሽ።

«መጀመሪያ ተደላደይ» የሚሉሽ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ግን መደላደል ማብቂያ የለውም። ኪራዩ ሲቀል የመኪናው ይመጣል፣ የመኪናው ሲያልቅ የቤት መግዣው። አገር ቤት ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለትምህርት የሚላክ አለ። ሁሉም ተገቢ ነው፣ እኔም እልካለሁ። ነገር ግን ከሥራ አልጋ፣ ከአልጋ ሥራ ብቻ ሲሉ ዓመታት ያለፉባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። የሚኖሩበት ከተማ ዛሬም እንግዳቸው ነው። እኔ ካናዳ ውስጥ እንግድነቴን የረሳሁት ሞንትሪያል አዳራሽ ውስጥ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር «የዝላዩ ዙር ሞልቷል፣ አልሞላም» እያልኩ ስከራከር ነው።

እሱ እ.ኤ.አ. የ2024ቱ የዓለም ሻምፒዮና ነበር፤ መጋቢት ላይ፣ ቤል ሴንተር። ሞንትሪያል በ2020 ልታዘጋጅ ነበር፣ በኮቪድ ተሰረዘ። ስለዚህ ሰዉ አራት ዓመት ጠብቆ ነው የገባው። ከቶሮንቶ በባቡር አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ አዳራሹ በእግር ይደረሳል። ከኦታዋ ደግሞ መንገዱ በጣም ያጥርልሻል።

በጥንዶች ያሸነፉት ዲያና ስቴላቶ-ዱዴክ እና ማክሲም ዴሻን ነበሩ። የሴትዮዋን ታሪክ ታውቂው ይሆናል። በልጅነቷ ለአሜሪካ በነጠላ ትወዳደር ነበር። በጉዳት ምክንያት ትታው ሌላ ሥራ ውስጥ ገባች። ከ16 ዓመት በኋላ ተመለሰች፣ ያውም በጥንድ። ሞንትሪያል ላይ ለካናዳ ተወዳድራ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ዕድሜዋ 40 ነበር። በዚህ ስፖርት በዚያ ዕድሜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ሴት ከእሷ በፊት አልነበረችም። ሙዚቃው ሳያልቅ ነው ሰዉ የተነሳው። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት እጄን ጨብጠው ያለቅሱ ነበር። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

የወንዶቹን ደግሞ በስልክ ሳታዪው አትቀሪም። ተወዳዳሪው አጭርና ረጅም የሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞች ይሠራል፤ ኢሊያ ማሊኒን በአጭሩ ሦስተኛ ነበር። በረጅሙ ስድስት ባለ አራት ዙር ዝላይ ሠርቶ 227.79 ነጥብ አመጣ። በረጅሙ ፕሮግራም ከዚያ በፊት እንደዚያ ያመጣ የለም። ከስድስቱ አንዱ አክስል ነው። ሌሎቹ ዝላዮች ወደ ኋላ እየሄዱ የሚነሱ ናቸው፤ አክስል ብቻ ፊት ለፊት ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ግማሽ ዙር ይጨመርበታል። አራት ተኩል ዙር ማለት ነው። ኖርዌጂያኑ አክስል ፖልሰን ዝላዩን መጀመሪያ የሠራው በ1882 ነበር፣ አንድ ዙር ተኩል። ባለ አራት ዙሩን በውድድር ላይ ለማየት እስከ 2022 መጠበቅ ነበረብን፣ ያሳየንም ይኸው ልጅ ነው። አዳራሽ ውስጥ ሲነሳ ሰዉ ትንፋሹን ይውጣል። ስልክ ላይ ይህ አይሰማም።

ስልክ ላይ የማይታየው ሌላው ነገር ፍጥነቱ ነው። ካሜራው አብሯቸው ስለሚሄድ ቀስ ያሉ ይመስላል። አዳራሹ ውስጥ ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ ሲደርሱ አንገትሽን ማዞር አትደርሺም። ስለዚህ አንድ ምክር ብቻ የምትሰሚኝ ከሆነ ይህን ስሚኝ፦ ልምምዱን እዪ። ከውድድሩ በፊት ጠዋት ጠዋት ልምምድ አለ። ብዙ ጊዜ ለሙሉ ሻምፒዮናው ትኬት የገዛ ሰው ይገባበታል። አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ወደ በረዶው ጠጋ ብለሽ ትቀመጫለሽ። ስለቱ በረዶውን ሲቆርጥ ይሰማሻል። ጎበዙ ተራ ሲዞር ድምፁ ጥልቅና አንድ ወጥ ነው፤ ያልበረታው ይንኳኳል። አንድ ጃፓናዊት አጥሩ ጋ መጥታ ቆመች፣ ጉልበቷ ላይ የተለጠፈው ፋሻ ርሶ ነበር። አሰልጣኟ ሶፍት አቀበላት፣ ምንም ሳይነጋገሩ ተመለሰች። ያንኑ ዝላይ ደግማ ወደቀች፣ ደግማ ወደቀች፣ ከዚያ ቆመችለት። ደግሞ የማን ሙዚቃ እንደተከፈተ ልብ በይ፤ ሙዚቃው የተከፈተለት ሰው ቅድሚያ አለው፣ ሌሎቹ መንገድ ይለቁለታል። ያ ሁሉ ሰው በዚያ ፍጥነት ሲሄድ አለመጋጨቱ ራሱ የሚገርም ነው።

ወደ ሒጃቡ ልምጣ። ማንም ምንም አይልሽም። ከጃፓን፣ ከፈረንሳይ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ነው የሚያጋጥምሽ፤ ሁሉም ዓይኑ በረዶው ላይ ነው። ደግሞም መንገዱን የጠረጉልሽ አሉ። የኤምሬቶቿ ዛህራ ላሪ በ2012 ጣሊያን ውስጥ በሒጃብ ስትወዳደር ለሒጃቧ ነጥብ ተቀነሰባት። ዝም አላለችም፣ ተከራከረች፣ ሕጉም ተስተካከለ። ጥቁር ሴቶችንም ብትጠይቂኝ፣ አሜሪካዊቷ ዴቢ ቶማስ በ1986 የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። ፈረንሳዊቷ ሱሪያ ቦናሊ አምስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆናለች፣ ዓለም ላይ ሦስት ጊዜ ሁለተኛ። በ1998 ናጋኖ ኦሊምፒክ፣ የተከለከለ መሆኑን እያወቀች ወደ ኋላ ተገልብጣ በአንድ እግሯ ስለት አረፈች። ያ ክልከላ የተነሳው በ2024 ነው። ለኔ ያኔ ሱሪያን የዳኙ ሰዎች ዕዳ አለባቸው፤ ይህን ለማንም እላለሁ።

የዓለም ሻምፒዮናው መጋቢት ላይ ስለሚሆን ሁሌ ማለት ይቻላል ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። በ2024 ረመዳንም አብሮ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ያለው ምግብ ዱቄትና አይብ ስለሆነ የጾም ፈንዲሻና ድንች ጥብስ ትለምጃለሽ። ያኔ እኔ ጋ የነበረች የሐይቅ ልጅ በቦርሳዋ ኪስ ቴምር ይዛ ገብታ እዚያው ወንበሯ ላይ አፈጠረች፣ ለኔም ሰጠችኝ። የውጭ ምግብ ስለሚከለክሉ ግን ቀድመሽ የአዳራሹን ሕግ አንብቢ። ትልቅ ቦርሳም አያስገቡም። ልብስ ደርቢ፤ አንቺ የኮምቦልቻ ልጅ ነሽ፣ ብርዱ ይከብድሻል። እኔ ጋቢ ይዤ ነው የምገባው። ከደሴ የወሰድኩት ነው፣ ከማንም ጃኬት ይበልጥብኛል።

ትኬቱ መጀመሪያ ለሙሉ ሳምንቱ ይሸጣል፣ ቆይቶ በየቀኑ ይከፈታል። ዋጋው እንደ መቀመጫው በጣም ይለያያል። ዳኞቹ ባሉበት በኩል ከተቀመጥሽ የተወዳዳሪዎቹን ፊት ታያለሽ፣ ፕሮግራሙ ወደዚያ እንዲዞር ተደርጎ ነው የሚሠራው። ከፍ ያለው ወንበር ርካሽ ነው፣ ግን በበረዶው ላይ የሚሠሩትን ቅርጽ ሁሉ ያሳያል። ብር ካጠረሽ እሱን ያዢ፣ አትከፊበትም። ከማታውቂው ሰው በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ትኬት እንዳትገዢ፣ አደራ። ውድድሩ አሜሪካ ከሆነ ደግሞ አስቢበት፤ የካናዳ ነዋሪ ብትሆኚም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልግሻል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካናዳ ውስጥ ያለውን ተከታተይ። ጥር ላይ ብሔራዊ ሻምፒዮናው አለ፣ ጥቅምት አካባቢ ደግሞ ስኬት ካናዳ የሚባለው፣ ግራንድ ፕሪ ከሚሉት ተከታታይ ዓለም አቀፍ ውድድር አንዱ። ከተማው በየዓመቱ ይቀያየራል። የሠፈር ክለቦች ውድድር ላይም ሂጂ፣ እዚያ ሕፃናት ሲወድቁና ሲነሱ ማየት ሌላ ደስታ አለው።

ኦታዋ ደግሞ ሪዶ ካናል አለልሽ። ዊንተር ላይ ሲጋገር 7.8 ኪሎሜትር ስኬት ይነዳበታል፣ በነፃ ነው። አየሩ ሞቆ በ2023 ጭራሽ ሳይከፈት ቀርቷል፣ ሰዉ እንደ ሐዘን ነው ያየው። ከተከፈተ አንድ ቀን እንዳያመልጥሽ።

መልስ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ

ልጆቼ፣ እኔም የደሴ ሰው ነኝ፣ ወይዘሮ ስሂን ነው የተማርኩት። የዚህችን ልጅ ጉጉት አልቃወምም። በ2006 ቱሪን ላይ ሮቤል ተክለማርያም በስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲቀርብ ቤታችን ሙሉ ሰው ነበር። በዊንተር ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ብርድ የኛ አይደለም የሚለውን ወሬ ያኔ ትተነዋል።

ግን አንድ ነገር ልበል። የልጅ ልጄ ስኬት ትማራለች። ጫማው፣ አሰልጣኙ፣ የበረዶ ሜዳው ክፍያ፣ ወጪው አይጣል ነው። ከማየት ወደ መማር መሄድ ቅርብ ነው። አዲስ ገቢ ሰው መጀመሪያ ቋንቋውንና ሙያውን ይያዝ እላለሁ፤ ለእናት ለአባት የሚላከውም አይጓደል።

ሌላው፣ ይህ ስፖርት ትንሽ ቤተሰብ ነው። በጥር 2025 ከዊቺታ የመጣው አውሮፕላን እዚህ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ከሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ 67 ሰው ሲያልቅ፣ 28ቱ የስኬቲንግ ሰዎች ነበሩ። ከስልጠና የሚመለሱ ልጆች፣ ወላጆቻቸው፣ አሰልጣኞቻቸው። የልጅ ልጄ ክለብ ውስጥ ለሳምንታት ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ነበር። እኛም እንደ ልቅሶ ቤት ምግብ ሠርተን ወስደናል።

መልስ፣ ከቶሮንቶ፣ ለጊዜው ደሴ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ወጪው ያሉት ልክ ነው። ልጅ ማስተማርና ራስ ሄዶ ማየት ግን ለየብቻ ናቸው። ከላይኛው ወንበር አንድ ቀን ማየት የማንንም እናት ጦም አያሳድርም። እኔ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለይቼ አስቀምጣለሁ፣ ለአገር ቤት ከሚላከው አልነካም። በዚህ ላይ ግን አልስማማም፦ «መጀመሪያ ሁሉ ይሙላ» የሚለውን። ሰው አዲስ አገር ሲገባ የሚያስተነፍሰው ነገር በመጀመሪያው ዓመት ነው በጣም የሚያስፈልገው። ያን ጊዜ ነው ብቸኝነቱ የሚከፋው።

ያሉትን አደጋ በተመለከተ፣ ከሁለት ወር በኋላ ቦስተን ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ነበርኩ። ከሞቱት መካከል በ1994 በጥንዶች የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት የቭጌኒያ ሺሽኮቫ እና ቫዲም ናውሞቭ አሉ፣ ቦስተን ነበር የሚያሰለጥኑት። መታሰቢያው ሲደረግ አዳራሹ ሁሉ ቆመ። ዘመድ የሞተበት ሰው ስንት እንደነበር ከፊታቸው ይታወቅ ነበር። በዚያው ሳምንት አሊሳ ሊው በሴቶች አሸነፈች። በ16 ዓመቷ በቃኝ ብላ ጫማዋን ሰቅላ ነበር፣ ራሷ ፈልጋ ነው የተመለሰችው። ፈገግ እያለች ነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠራችው። ሐዘኑም ደስታውም አንድ ቤት ውስጥ ነበር፣ ልክ እንደኛ አገር።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

እትዬ፣ ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የ40 ዓመቷን ሴትዮ ስትሰማ «እሷንስ ባያት» አለች። አንድ የማይገባኝ ነገር ነጥቡ ነው። አንዳንዴ የወደቀው ያልወደቀውን ይበልጣል፣ እንዴት ነው?

መልስ፣ ከቶሮንቶ፣ ለጊዜው ደሴ

እያንዳንዱ ዝላይ የራሱ ዋጋ አለው። ከበድ ያለውን ሞክሮ የወደቀ ሰው ቀለል ያለውን አሳምሮ ከሠራው ሊበልጥ ይችላል። ዘጠኙ ዳኞች በዚያ ላይ ከአምስት ሲቀነስ እስከ አምስት ሲደመር ይሰጣሉ፣ ትልቁና ትንሹ ይጣላል። ዙሩ መሙላቱን የሚያዩት ሌሎች ናቸው፣ በቪዲዮ መልሰው እያዩ። ድሮ እስከ 6.0 የሚሰጥ ነበር። በ2002 ሶልት ሌክ ላይ በጥንዶች በተነሳው የዳኝነት ቅሌት ለሁለት ጥንዶች ወርቅ ተሰጠ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሥርዓቱ የተቀየረው። አዲሱ ይከብዳል፣ ግን ነጥቡ ከየት እንደመጣ በወረቀት ይታያል። እኔ አዲሱን እመርጣለሁ።

የሞንትሪያሉ የነጥብ ወረቀት ስልኬ ላይ አለ። ቅዳሜ ወደ ደሴ የምትወጪ ከሆነ ፒያሳ እንገናኝ፣ ሻይ እየጠጣን አንድ በአንድ አሳይሻለሁ። እናትሽንም ይዘሻት ነይ። የጫማ ቁጥርሽንም ጻፊልኝ፤ ቶሮንቶ ቤት የማላደርገው የስኬት ጫማ አለኝ፣ ልክሽ ከሆነ ኦታዋ ስትገቢ እልክልሻለሁ።