የሞሪሸስ ቻይናውያንና የዋስትና ጉዳይ

ሰላም ለሁላችሁም። ለአዲስ መጪዎች የቤት ኪራይ ዋስ እንሁን ወይስ አንሁን በሚል በእድራችን የተነሳውን ክርክር ተከታትያለሁ። "ቢከዳንስ?" የሚለው ስጋት ይገባኛል። ግን በህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችውን ደሴት፣ የሞሪሸስን ቻይናውያን ታሪክ ብታዩት ደስ ይለኛል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደሴቲቱን እንግሊዞች ይገዙ ነበር። አሂም ሿዛን የሚባል ከቻይናዋ ፉጂያን ግዛት የመጣ ሰው ዋና ከተማዋ ፖርት ሉዊስ ላይ በንግድ ተደላድሎ ነበር። ከመርከብ ለሚወርዱ ወገኖቹ መንግሥት ዘንድ ዋስ የሚሆነው እሱ ነበር። ከ1860ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሃካ የሚባሉት፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ቻይናውያን በብዛት መጡ። አዲስ መጪው ዘመድ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ የደሴቲቱን መግባቢያ ቋንቋ ክሪዮልን ይለምዳል። ትንሽ ሲጠራቀምለት የሸንኮራ እርሻ ሠራተኞች ሰፈር ገብቶ የራሱን ሱቅ ይከፍታል።

ሱቁ የሚኖረው በዱቤ ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ህንዶች ናቸው፤ ደሞዝ እስኪወጣ ሩዙንና ዘይቱን በደብተር እያስመዘገቡ ይወስዳሉ። ባለሱቁም ዕቃውን ከፖርት ሉዊስ ጅምላ ነጋዴዎች በዱቤ ያመጣል። አንዱ ካልከፈለ ሁሉም ይናጋል። በ1901 ቆጠራ 3,515 ቻይናውያን ነበሩ፤ 2,585ቱ በንግድ ላይ። ሴቶቹ 58 ብቻ! ይህን ቁጥር ሳስብ ልቤ ይነካል። ብዙዎቹ ሚስታቸውን አገር ቤት ትተው የመጡ ናቸው፤ እዚያው ሞሪሸስ አግብተው የወለዱም አሉ።

ልጆቻቸው ግን ተማሩ። ሞሪሸስ በ1968 ነፃ ስትወጣ ኑሮዋ በስኳር ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከዚሁ ማህበረሰብ የወጣው መሐንዲሱ ፕሮፌሰር ኤዱዋር ሊም ፋት የታይዋንን ተሞክሮ አይቶ፣ ወደ ውጭ ለሚልኩ ፋብሪካዎች የተለየ ሥርዓት ይኑር ብሎ ተሟገተ። ሕጉ በ1970 ወጣ። ከሆንግ ኮንግ ባለሀብቶች መጡ፤ አገሪቱ የሱፍ ሹራብ በዓለም ላይ በብዛት ከሚልኩት አንዷ ሆነች። እርግጥ የአገሩ የስኳር ባለሀብቶች ገንዘብና የአውሮፓ ገበያም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ማሽኑ ላይ የተቀመጡት ደግሞ በአብዛኛው የየብሔሩ ሴቶች ናቸው። እነሱን ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። ዋስትናው በአንድ ቤተሰብ ትከሻ ላይ አይውደቅ። እድራችን ለዚሁ የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ይያዝ፤ አዲስ መጪው ሥራ ሲይዝ በየወሩ ይመልስ። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይሁንልን፤ የምትደግፉ እዚሁ ጻፉ።