በቤት ውስጥ ጠላ መጥመቅ ለሚጀምር ሰው፦ ዕቃው፣ ብቅሉ፣ ጌሾውና ወፍጮው ከየት ቢሆን ይሻላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሆኖ ከእህሉ ጀምሮ ራሱ ጠላ ለመጥመቅ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዕቃ ነው፤ ጋን ልግዛ ወይስ የፕላስቲክ በርሜል ይበቃኛል የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። እኔ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መጥመቅ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሙያውን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፤ ወንድ ልጅ ጌሾ ሲጠነስስ ማየት ለጎረቤቶቻችን ለጊዜው መሳቂያ ነበር። ብዙ ዕቃ ገዝቼ፣ ብዙውንም ጥዬ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ ገንዘብ መውጣት ያለበት ለብቅሉና ለጌሾው እንጂ ለዕቃው አለመሆኑ ነው።

ቢሆንም ጥያቄው ስለ ዕቃ ነውና ከሸክላው ልጀምር። ሸክላ የሚፈልግ ሰው ቀጨኔ ወርዶ ከሸክላ ሠሪዎቹ እጅ ቢገዛ እመርጣለሁ፤ ዕቃው እንዴት እንደተተኮሰ የሠራችውን ሴት ራሷን ጠይቆ መረዳት ስለሚቻል ነው። በጣት አንጓ ሲመታ የጠራ ድምፅ የሚሰጥ እንስራ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ግን ወይ ስንጥቅ አለበት፣ ወይ እሳት አልጠገበም። ሙሉ ጋን ግን ለጀማሪ አልመክርም። ክብደቱ ፎቅ ለማውጣት አይመችም፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚበዛ ጠላ ይይዛል፣ ከሁሉም በላይ ሸክላው ውስጡ የገባውን እርሾና ኮምጣጣ ይዞ ስለሚቆይ፣ ጥሩ ጠላ የወጣበት ጋን እየተሻሻለ ሲሄድ፣ አንድ ጊዜ የኮመጠጠበት ደግሞ በግራዋ ታሽቶና በፈላ ውኃ ታጥቦም ቶሎ አይመለስም።

መርካቶ ምን አለሽ ተራ ያገለገለ በርሜልና ጀሪካን በርካሽ ይገኛል። ችግሩ ውስጡ ምን እንደነበረ ሻጩ ራሱ የማያውቅበት ጊዜ መኖሩ ነው። ሰማያዊ በርሜል ሁሉ የምግብ ነው የሚል ወሬ አለ፤ ቀለሙ ግን የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው ቁጥርም የፕላስቲኩን ዓይነት እንጂ ተይዞበት የነበረውን ነገር አይናገርም። ስለዚህ እኔ የምገዛው የምግብ ዕቃ እንደነበረበት የሚያሳየው ጽሑፍ ገና ያልተላጠውን ብቻ ነው። ቢጫው የምግብ ዘይት ጀሪካን ንጹሕ ቢመስልም ዘይቱ ከግድግዳው ፈጽሞ ስለማይለቅ አረፋውን ያጠፋል፣ ሲቆይም የሻገተ ቅባት ሽታ ያመጣል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ክዳን ያለው 30 ሊትር ገደማ የሚይዝ አዲስ ባልዲ መግዛት በዋጋ ጥቂት ከፍ ቢልም ይሻላል። አይዝጌ ብረት ለሚችል ሰው ከሁሉም የተመቸ ነው፤ አሉሚኒየም ግን ጠላ ኮምጣጣ በመሆኑ ለማፍያ እንጂ ለቀናት ማስቀመጫ አይሆንም።

ባልዲውን ወደ መጥመቂያ ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሥራ የአንድ ሰዓት ነው። ከታች አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቧንቧ ይገጠማል፤ አተላው ከቧንቧው በታች ይቀርና ጥሩው ይቀዳል። ክዳኑ ላይ ደግሞ ቀጭን ቱቦ ማስገቢያ ቀዳዳ ተበስቶ የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። በዚህ መንገድ የሚወጣው አየር ይወጣል፣ የውጭው ግን አይገባም። ይህን ሳልማር በፊት ድፍድፍ (ገና በመፍላት ላይ ያለ፣ ውኃ ሞልቶ ያልቀጠነ ወፍራም የጠላ ድብልቅ) የሞላሁበትን ጀሪካን ክዳን አጥብቄ ዘግቼ አድሬ፣ ሌሊት ፈንድቶ የወጥ ቤቱን ጣሪያ እንኩሮ፣ ማለትም ተለውሶ ምጣድ ላይ የታመሰ የእህል ዱቄት፣ አልብሶት ነበር። በጋን ሲጠመቅ አፉ በጭቃ ቢመረግም ጭቃውም ሸክላውም ይተነፍሳሉ፤ ፕላስቲክ ግን አይተነፍስም።

ፕላስቲክ የማይሰጠው አንድ ነገር የወይራ ጭስ ነው። ጠላን ጠላ ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ እሱ ስለሆነ ሁለቱን አጣምሬ እሠራለሁ፤ ጥንስሱን፣ ማለትም ጌሾውና ብቅሉ የሚፈሉበትን የመጀመሪያውን ደረጃ፣ እንዲሁም ድፍድፉን በባልዲ አደርግና፣ ውኃ ተጨምሮ የሚጠራበትን የመጨረሻውን ደረጃ ከቀጨኔ በገዛኋት አነስተኛ እንስራ ውስጥ አሳልፋለሁ። እንስራዋን ለማጠን ጥቂት ፍም ስለሚበቃ በረንዳ ላይ ይቻላል፣ ጎረቤትም አይማረርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ብቅል በሦስት መንገድ ይገኛል፦ ተፈጭቶ የሚሸጥ፣ ፍሬው እንዳለ የሚሸጥ፣ ቤት የሚበቅል። የተፈጨውን አልመክርም፤ ምን ያህሉ በእርግጥ የበቀለ እንደሆነ በዓይን መለየት አይቻልም፣ ሻጋታ ቢኖርበትም ዱቄት ሆኖ ተደብቋል። ፍሬ ብቅል ከእህል በረንዳም ከሾላ ገበያም ገዝቼ አውቃለሁ። የተሻለ ምርጫ ያገኘሁት እህል በረንዳ ነው፤ ሾላ ግን በትንሹ ለሚገዛ ሰው ይመቻል፣ ሻጮቹም ለማስቀመስ አይሰስቱም። ማስቀመስ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ጥሩ ብቅል በጥርስ ሲነከስ ፍርክስ ይላል፣ ጣፋጭነቱ ወዲያው ይሰማል፣ የበቀለው ጭራም ከፍሬው ርዝመት ጋር ይቀራረባል። እንደ ጠጠር የሚጠነክረው ፍሬ ነክሮ ከማድረቅ ያላለፈ ገብስ ነው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ የታየበትን፣ የምድር ቤት ሽታ ያለውን ብቅል በነጻ ቢሰጡም አለመውሰድ ነው፤ የሻጋታ መርዝ በማፍላት አይጠፋም።

ጊዜ ያለው ሰው ግን ራሱ ያብቅል። ገብሱ ለአንድ ቀን ይነከርና ውኃው ተጠልሎ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይቀመጣል፤ እንዳይግልና እንዳይያያዝ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ማገላበጥ ያስፈልጋል፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በደንብ ይደርቃል። ከመግዛት በፊት 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ማብቀል ጥሩ ልማድ ነው፤ ከ95 በታች ከበቀለ ገብሱ አሮጌ ነውና ለአሻሮ (ለጠላ ተቆልቶ ለሚፈጨው እህል) ይሁን እንጂ ለብቅል አይሆንም። እንደ አሰላው ያሉ የብቅል ፋብሪካዎች የሚሠሩት ለቢራ ጠማቂዎች ነው፤ ለጠላ ግን በፀሐይ የደረቀ የቤት ብቅል ከማንም አያንስም፣ ምክንያቱም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም በእሳት ስላልተነካ ኃይሉን እንደያዘ ይቆያል።

ጌሾ ላይ ክርክር አለ። በተለምዶ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይባላል፤ እኔም ለጀማሪ ቅጠሉን እመክራለሁ፣ መራራነቱን ቶሎ ስለሚለቅ። አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ ሲታሽ የሚሸት ቅጠል ተመርጦ ሳይፈጭ ቢገዛ መልካም ነው፤ ተወቅጦ በፌስታል የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የከረመና ከግንድ ትቢያ ጋር የተቀላቀለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለ ወፍጮ ቤት ብዙ የምለው የለኝም። በርበሬ ከሚፈጭበት ድንጋይ ላይ ብቅልም አሻሮም አለማስፈጨት፣ ብቅሉን ከርከስ አድርጎ ማስፈጨት፣ ጌሾውን ደግሞ ቤት በሙቀጫ መውቀጥ ይበቃል፤ ወፍጮ ቤቱም ምሬቱ በሚቀጥለው ደንበኛ ዱቄት ውስጥ እንዳይገባበት ጌሾ ባይመጣበት ይመርጣል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለ1 እጅ ጌሾ 2 እጅ ብቅልና 6 እጅ ያህል እህል እይዛለሁ፤ ለባልዲው ግማሽ ኪሎ ጌሾ፣ 1 ኪሎ ብቅል፣ 3 ኪሎ ዱቄት ማለት ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲለቅ አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ። ጌሾው ሁለት ሦስት ቀን ተነክሮ ከቆየ በኋላ ብቅሉና የተቆራረሰ ቂጣ ገብቶ ጥንስሱ ይፈላል፤ እንኩሮው ከተጨመረበት በኋላ ድፍድፉ በአዲስ አበባ ብርድ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። በመጨረሻ ውኃ ሞልቶ አንድ ሁለት ቀን ከጠበቁ ጉሹ፣ ማለትም ገና ያልተጠለለው ጠላ፣ ይደርሳል። ተራው ጠላ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ሲኖረው፣ ውኃው ቀንሶ የሚጠለለው ፊልተር ከዚያ ከፍ ይላል።

ለድግስ ከሆነ በባልዲ አይሞከርም። በየሰፈሩ ለሠርግና ለክርስትና የሚጠምቁ ባለሙያ እናቶች አሉ፤ ጋኑንም ወይራውንም ይዘው የሚመጡ ስለሚገኙ፣ ዋጋቸውን አስቀድሞ ተነጋግሮ እህሉን ግን ራስ መርጦ መግዛት የተሻለው መንገድ ነው። አጠገባቸው ቆሞ ማየት ደግሞ ከየትኛውም ጽሑፍ ይበልጣል።

ከብቅል ብቻ ቢራ መሰል ነገር መሥራት የሚሹም ጠይቀውኛል። ለዚህ ወፍራም ግድግዳ ያለው የሽርሽር በረዶ ሳጥን ጥሩ መጥመቂያ ይሆናል፦ ለ1 ኪሎ ብቅል 3 ሊትር ያህል ውኃ፣ 73 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ተጨምሮ ድብልቁ ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ተዘግቶ ይቆያል፤ ከሻሽ በተሰፋ ከረጢት ውስጥ ከተደረገ ማጥለሉም ይቀልላል። ጥሩ ቴርሞሜትር እዚህ ላይ የግድ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ በባሕር ወለል ልክ የተጻፈን መመሪያ በግምት መከተል ያሳስታል። የዳቦ እርሾ ያፈላዋል፣ ጣዕሙም ዳቦ ዳቦ ይላል።

በአሜሪካ ላሉ ወገኖች ጉዳዩ በአንዳንድ በኩል ይቀላል። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ለሽያጭ እስካልሆነ ድረስ አንድ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ብቻ ባለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ባሉበት ቤት 200 ጋሎን ቢራ ከቀረጥ ነጻ እንዲጠመቅ ይፈቅዳል። በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉ የአበሻ ሱቆች ጌሾ ይገኛል፤ ብቅሉን ግን ለቤት ጠማቂዎች ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች መግዛት ይሻላል፣ እዚያው ስለሚከረክሱት። የሚገዛው ፈዛዛው ብቅል ነው፤ የጠቆረው ኢንዛይሙ በእሳት ስለሞተ በአሻሮ ፈንታ ይገባ እንደሆነ እንጂ ብቅል አይተካም። በቀለም ያጌጠና የሚያብረቀርቅ ሸክላ ኮምጣጣ ነገር ሲገባበት እርሳስ ሊለቅ ስለሚችል ለመጠጥ መሠራቱ ካልተረጋገጠ መተው ይገባል። ለጭሱ ደግሞ ሥጋ ለሚጠብሱ ሰዎች የሚሸጠው የወይራ ዘይት ዛፍ ፍልጥ ያገለግላል፤ የእኛ ወይራ የዚያው ዛፍ ዘመድ ነው። ማጠኑ ግን ደጅ ይሁን፤ የጭስ ጠቋሚው ቤት ውስጥ አያስጨርስም።